አንቺሆዬን በሁለት ጊታር፦ የአንድ የሮክ ዘፈን የቅንብርና የቀረጻ ማስታወሻ

ሰኔ 24

ዛሬ በአዲሱ ገበያ በኩል የጎጃምን መንገድ ይዘን፣ እንጦጦን ወደ ኋላ ትተን፣ ለክረምቱ የተከራየነውን የሱሉልታ ቤት ተረከብን። ግቢው ውስጥ ከብሎኬት የተሠራ አንድ ሰፊ ክፍል አለ፤ ከጀርባው ደግሞ አከራያችን እማማ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እሳት ያላነደዱበት የጭቃ ማድ ቤት ይገኛል። ከተማ ውስጥ ስቱዲዮ በሰዓት ተከራይቶ መሥራት ለዚህ ዘፈን አይሆንም፤ ዘፈኑ ገና ያላለቀ በመሆኑ እያቀናበርን መቅረጽ፣ የቀረጽነውን እየሰማን ደግሞ እንደገና ማቀናበር ይኖርብናል።

ሮክን ከአገር ቤት ዜማ ጋር ማገናኘት በእኛ አልተጀመረም። ጌታቸው መኩሪያ የሽለላንና የፉከራን ድምፅ በቴነር ሳክስፎን ሲጫወቱ ኖረው በ2006 እ.ኤ.አ. ከኔዘርላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር አልበም ሠርተዋል፤ ጃኖ ባንድም የኤሌክትሪክ ጊታርን ጩኸት ከአማርኛ ዜማ ጋር አዋሕዶ አሳይቶናል። እኔን ለዓመታት ያሳሰበኝ ጥያቄ ከዚህ ጠበብ ያለ ነው፤ አንቺሆዬ የሚባለው ቅኝት (ከአገራችን የዜማ መደቦች አንዱ)፣ ጠባዩ ሳይለወጥና ድምፆቹ ሳይለሰልሱ፣ በዲስቶርሽን (ድምፅን ሆን ብሎ በሚያሻክር መሣሪያ) የሚጮህ ጊታርን ሊሸከም ይችላል ወይ? ከሌሎቹ ቅኝቶች፣ ከትዝታና ከባቲ ጋር ጊታር በቀላሉ ይግባባል። አንቺሆዬ ግን እጁን አይሰጥም።

ሐምሌ 2

ብሎኬቱ ክፍል 5.2 ሜትር ርዝመት፣ 3.6 ሜትር ስፋትና 2.6 ሜትር ከፍታ አለው። ቁጥሮቹን ስጽፍ ወዲያው ያሳሰበኝ ከፍታው የርዝመቱ ልክ ግማሽ መሆኑ ነው። በሱሉልታ ብርድ ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል የሚመላለሰው ዝቅተኛው ድምፅ የሚገኘው ይህን ቁጥር ለርዝመቱ እጥፍ በማካፈል ነው። ስለዚህ ክፍሉ በርዝመቱ 33 ሄርዝ (በሴኮንድ 33 ንዝረት) ላይ፣ በስፋቱ 47 ሄርዝ ላይ፣ በከፍታው 65 ሄርዝ ላይ ያስተጋባል። የርዝመቱ ሁለተኛ ማስተጋቢያም እንደገና 65 ሄርዝ ላይ ስለሚወድቅ ሁለቱ ተደራርበው ይበረታሉ። ዘፈኑን ያሰብነው ሲ ከሚባለው ኖታ እንዲነሳ ነበር፤ የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ሲ ደግሞ 65.4 ሄርዝ ነው። ቤዝ ተጫዋቻችን ያችን አንድ ድምፅ በነካ ቁጥር ክፍሉ ከሌሎቹ ድምፆች ለይቶ ሲያገሳ በጆሯችንም በደረታችንም ሰማነው።

ቤዙ በቀጥታ በኬብል ስለሚቀረጽ የክፍሉ ማገሳት በቀረጻው ውስጥ አይገባም፤ ነገር ግን በዚያው ክፍል ተቀምጠን ስንመዝን ሲ ከመጠን በላይ የበዛ ስለሚመስለን፣ የማይገባውን ያህል ቀንሰን እንሳሳታለን። የአካባቢው ሰው የሚኖርበት ነገር መፍትሔ ሆነልን። ሱሉልታ የሣር አገር ነው፤ እማማም ካለፈው ዓመት የተረፈ እስር ድርቆሽ ነበራቸውና አሥራ ስምንቱን በዝቅተኛ ዋጋ ሰጡን። በአራቱም ማዕዘኖች እስከ ጣሪያው ደረደርነው። ብናኙ የድምፃዊቷን ጉሮሮ እንዳይከረክር ሁሉንም በአቡጀዴ ሸፈንን፤ ክፍሉ ውስጥ ሻማ እንዳይበራም ሕግ አወጣን። ድርቆሹ ከ100 ሄርዝ በላይ ያለውን በሚገባ ይውጣል፤ የ65ቱን ማገሳት ግን ቀነሰው እንጂ አላጠፋውም፤ የዚያ ድምፅ ሞገድ ሩቡ ብቻ 1.3 ሜትር ስለሆነ ያን ያህል ውፍረት ያለው ክምር ቢቀመጥ ለእኛ መቆሚያ አይተርፍም።

ድምፃዊቷ ከፍተኛውን ስንኝ ሞክራ «አንድ ድምፅ ከፍ ብንል ይመቸኛል» ስትል ዘፈኑ ከሲ ወደ ዲ ተሻገረ። የቤዙ ዲ 73.4 ሄርዝ ነው፤ ክፍሉ የሚያገሳበትን ቦታ አልፎ ሄደ። ለእሷ ብለን ያደረግነው ለክፍሉም በጀ።

ሐምሌ 5

የአንቺሆዬ አምስት ድምፆች ከዲ ሲነሱ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት እና ቢ ናቸው («ፍላት» ግማሽ ድምፅ የወረደ ማለት ነው)። ዛሬ ከሁለተኛው ጊታር ተጫዋች ጋር ቀኑን ሙሉ የዋልንበትን ችግር በዝርዝር ለመጻፍ እወዳለሁ፤ የዘፈኑ ቅርጽ የወጣው ከዚህ ነውና።

የሮክ ጊታር የሚቆመው በአምስተኛ ርቀት (ለምሳሌ ከዲ እስከ ኤ) ላይ ነው። ዲስቶርሽን አንድን ድምፅ ብቻ አያጎላም፤ አብረው የገቡ ሁለት ድምፆችን አጋጭቶ የድምራቸውንና የልዩነታቸውን ድግግሞሽ የያዙ አዳዲስ ድምፆች ያወጣል። ዲ 147 ሄርዝ፣ ኤ 220 ሄርዝ ነው እንበል፤ ልዩነታቸው 73 ስለሆነ የሚወለደው አዲስ ድምፅ ራሱ ዲ፣ አንድ ኦክታቭ (በግማሽ ድግግሞሽ) ዝቅ ብሎ ነው። ጊታሩ በገዛ እጁ ቤዝ ይፈጥራል፤ የዚያ ሙዚቃ ክብደት የሚመጣው ከዚህ ነው። አንቺሆዬ ውስጥ ግን ኤ የለም። ያለው ኤ ፍላት ነው። 147ን ከ208 ጋር በዲስቶርሽን ስናጋጭ ልዩነቱ 61 ሄርዝ ገደማ ሆኖ ከቢ ትንሽ የወረደ፣ ድምሩ ደግሞ 354 ሄርዝ ገደማ ሆኖ ከኤፍ ትንሽ የወጣ ድምፅ ይወጣል። አንዱ የተበላሸ ቢ ነው፤ ሌላው ቅኝቱ ጨርሶ የማያውቀው እንግዳ ነው። ጆሮ የሚሰማው ጭቃ ብቻ ነው።

ቀላሉ መውጫ ኤ ፍላትን ወደ ኤ ከፍ ማድረግ ነበር። ሁለተኛው ጊታር ተጫዋች ሞከረውና ወዲያው ጥሩ የሮክ ሪፍ (እየተደጋገመ የሚመጣ የጊታር ሐረግ) ሆነ፤ አንቺሆዬ ግን ከክፍሉ ወጥቶ ሄደ። ሁለታችንም ሰምተነው ዝም አልን። ቅኝቱን ለጊታሩ ብሎ ማረም ከጀመርን እዚህ ድረስ የመጣንበት ምክንያት አይኖርም።

ከሰዓት በኋላ አምስቱን ድምፆች በወረቀት ላይ ጽፌ በመካከላቸው ፍጹም አምስተኛ ያላቸውን ጥንዶች ፈለግሁ። ሁለት ብቻ ናቸው፤ ከጂ እስከ ዲ እና ከኤ ፍላት እስከ ኢ ፍላት። ሁለቱ ጥንዶች ደግሞ በግማሽ ድምፅ ብቻ ተጠጋግተው ይቆማሉ። ቢ ብቻውን ቀረ። ይህን ካየሁ በኋላ ሪፉ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ራሱ መጣ፤ ጊታሩ ከጂ ጥንድ ወደ ኤ ፍላት ጥንድ እየረገጠ ይመለሳል፤ ቅኝቱ የፈቀደለትን ሁለት እግር ብቻ ይጠቀማል፤ ቢን ደግሞ በነጠላ ክር እንደ ጥሪ ይጮኸዋል። ክብደቱ አለ፣ ጭቃው የለም፣ ከቅኝቱም የወጣ አንድም ድምፅ የለም።

የዲና የኤ ፍላት ግጭት በሚያስፈልገን ቦታ ላይ ደግሞ ሁለቱን ድምፆች ለሁለት ጊታሮች አከፋፈልን። እኔ ዲን ብቻ፣ እሱ ኤ ፍላትን ብቻ፣ እያንዳንዳችን በየራሳችን ዲስቶርሽን እንጫወታለን፤ አንዱ በግራ፣ ሌላው በቀኝ ይቀመጣል። ሁለቱ ድምፆች በአንድ መሣሪያ ውስጥ ስለማይገናኙ ያ የተበላሸ ድምርና ልዩነት አይወለድም፤ ግጭታቸው የሚሰማው በአየር ላይ፣ ጥርት ብሎ ነው።

ሐምሌ 11

መሐል ላይ የሚመጣው ጸጥ ያለ ክፍል ወደ ትዝታ እንዲሻገር ወሰንን። ከጂ የሚነሳው አነስተኛው ትዝታ ጂ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ እና ኢ ፍላት ነው። ከእኛ አንቺሆዬ ጋር ሦስት ድምፆችን ይጋራል፤ የሚንቀሳቀሱት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ኤ ፍላት ግማሽ ድምፅ ይወጣል፣ ቢ ግማሽ ድምፅ ይወርዳል። ቤዙ ጂ ላይ ጸንቶ ሲቆም ሁለቱ ጊታሮች አንዱን ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች ያንሸራትታሉ፤ ሰሚው በሩ መቼ እንደተከፈተ ሳያውቅ ሌላ ቤት ውስጥ ራሱን ያገኛል። ሙላቱ አስታጥቄ አምስቱን የቅኝት ድምፆች ከ12ቱ ድምፆች ጋር ሳያጋጩ ማኖርን በኢትዮ ጃዝ ካሳዩ በኋላ እንዲህ ያለውን መንገድ የሚፈልግ ሁሉ የእሳቸው ባለዕዳ ነው።

ሐምሌ 14

የስልተ ምቱ ጉዳይ ሦስት ቀን ወሰደ። ከሥር ያለው ችክችካ ነው፤ ስድስት ስምንተኛ (በአንድ ዙር ሁለት ምት፣ ስድስት አጫጭር ክፍልፋዮች)፣ በደቂቃ 120 ምት፤ አንዱ ባር (ዙር) ልክ አንድ ሴኮንድ ይፈጃል። ሪፉ ግን በአምስት ስምንተኛ የተሠራ ነው። አምስቱና ስድስቱ አብረው ከተነሱ እንደገና አብረው የሚረግጡት ከ30 ስምንተኛ በኋላ ነው፤ ማለትም ከበሮው አምስት ዙር፣ ጊታሩ ስድስት ዙር ሲጨርስ፣ በየአምስት ሴኮንዱ አንድ ጊዜ። በወረቀት ላይ ያምራል። ድራም ተጫዋቻችን ግን ከሦስተኛው ዙር በላይ መያዝ አልቻለም፤ እኔም እሱን እየሰማሁ አምስቱን ወደ ስድስት እጎትተው ነበር። ክሊኩን (ምት ጠባቂውን ድምፅ) በጆሮ ማዳመጫ ብናደርግም አልረዳንም፤ ክሊክ የት እንዳለህ እንጂ ምን እያልክ እንደሆነ አይነግርህም።

መፍትሔው የመጣው ከድምፃዊቷ ነው። ግጥሙን የምትጽፈው እሷ ናት፤ የአማርኛ ግጥም ቤቶችን ስትነግረን ሁላችንም ቁጭ ብለን አዳመጥን። የወል ቤት የሚባለው ስንኝ በስድስት ስድስት ቀለም ይከፈላል፤ ሰንጎ መገን ደግሞ በአምስት አምስት። ስድስቱና አምስቱ በእኛ ቋንቋ ውስጥ ድሮውንም ጎን ለጎን ይኖራሉ ማለት ነው። ስለዚህ ድምፃዊቷ ከችክችካው ጋር የምትዘፍነውን በወል ቤት ጻፈችው፦

ደመናው ተገፎ ሰማዩ ቢታይም፣
ጭጋግ የለመደ ዓይኔ ሩቅ አያይም።

ተቀባዮቹ ከጊታሩ ጋር የሚሉትን ደግሞ በሰንጎ መገን፦

ንጋት ተጣራ ከጋራው ማዶ፣
ጭጋጉ ይሂድ በረዶው ነዶ።

መሣሪያዎቹን አስቀምጠን፣ ግማሻችን የመጀመሪያውን፣ ግማሻችን የሁለተኛውን በቃል ብቻ፣ ለእያንዳንዱ ስምንተኛ አንድ ቀለም እየሰጠን፣ በጭብጨባ አብረን አልነው። ሁለት ሰዓት ያህል ከፈጀ በኋላ ድራም ተጫዋቹ ተነስቶ ወደ መሣሪያው ሄደና ሙሉውን ዙር ሳይሳሳት ጨረሰ። አምስት ብሎ መቁጠሩን ትቶ «ንጋት ተጣራ» እያለ ነበር የሚመታው።

ሐምሌ 20

የማሲንቆ ተጫዋቻችን ጋሼ መሣሪያቸውን ይዘው መጡ። በጾመ ፍልሰታ ማሲንቆ እንደማይነኩ አስቀድመው ስለነገሩን፣ የእሳቸው ክፍል ሁሉ እስከ ሐምሌ 30 መጠናቀቅ አለበት።

ክረምት ለቆዳ መሣሪያ ጥሩ ወቅት አይደለም። እርጥበቱ የማሲንቆውን ቆዳ አላልቶት ድምፁ ፈዞ ነበር። ጋሼ ከእማማ ከሰል አስለምነው፣ ማሲንቆውን ከምድጃው በክንድ ርቀት ይዘው፣ ቆዳውን በጣታቸው እያንኳኩ አሞቁት፤ አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ድምፁ ነቃ። በየ20 ደቂቃው ይህንን መድገም ስለነበረብን የቀረጻው ሥራ በምድጃው ሰዓት ተመራ።

ማሲንቆውን በብሎኬቱ ክፍል አልቀረጽነውም። ጭድ ተቦክቶበት የተመረገው የማድ ቤቱ ግድግዳ ወጣ ገባ ስለሆነ ድምፅን እየበታተነ ይመልሳል፤ ብሎኬቱ እንደሚያደርገው አያጮኽም። ማይክራፎኑን ከማሲንቆው 40 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀን፣ ከደጋኑ ትንሽ ዞር አድርገን ስናቆም የፈረስ ጭራው መፋተግና የቆዳው ድምፅ እኩል መጡ። ስጠጋ መፋተጉ በዛ፤ ስርቅ ክፍሉ በዛ።

ከዚያ በኋላ ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን። ጋሼ ወደ ታች ሲወርዱ የሚያሰሙት ኢ ፍላት ከጊታሩ ኢ ፍላት ወረድ ይላል። በመለኪያ ስናየው የግማሽ ድምፅ ሩብ ያህል ነው፤ ከእኔ ጊታር ጋር አብሮ ሲጮህ በሴኮንድ ከአራት ጊዜ በላይ የሚወዛወዝ ድምፅ ያመጣል። ባልደረቦቼ በኮምፒውተር እንዲስተካከል ሐሳብ አቀረቡ። እኔ ጋሼን ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ ስወጣና ስወርድ አንድ ዓይነት ከሆነማ ምኑን ወረድኩት?» አሉኝ።

ከዚህ በላይ መከራከር አልፈለግሁም። ማሲንቆው ፍሬት (አንገቱ ላይ ድምፆቹን የሚለይ ብረት) የለውም፤ ፍሬት ያለው የእኔ ጊታር ነውና መታረም ያለበት እኔ ነኝ። ጊታር ክሩን ገፍቶ ድምፅን ከፍ ማድረግ እንጂ ዝቅ ማድረግ ስለማይችል፣ በመውረጃው ቦታ ኢ ፍላትን ትቼ ከዲ ፍሬት ተነስቼ ክሩን ኢ ፍላት ሳይደርስ እስከሚቆምበት ድረስ መግፋት ተለማመድሁ። ጣቴ ልኩን እስኪያገኝ ሁለት ቀን ፈጀ።

ሐምሌ 23

ድራሙንና ማሲንቆውን በአንድ ጊዜ ቀረጽን። የድምፅ ማስገቢያችን ስምንት መግቢያ ብቻ ስላለው ከድራሙ ከበሮዎች ለኪክ አንድ፣ ለስኔር አንድ፣ ለቶሞቹ ሁለት፣ ከላይ ሁለት፣ ለክፍሉ አንድ፣ ከማድ ቤቱ ለሚመጣው ማሲንቆ አንድ ሆኖ ሁሉም አለቀ። ከላይ የሚንጠለጠሉትን ሁለቱን ማይክራፎኖች ከስኔሩ መሐል በሲባጎ ለክቼ በእኩል 1.10 ሜትር ርቀት አቆምኋቸው። አንደኛው በ34 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ ድምፁ አንድ ሺህኛ ሴኮንድ ዘግይቶ ይደርሰዋል፤ ሁለቱ ሲደመሩም 500 ሄርዝ አካባቢ ያለው የስኔሩ ሥጋ ይጠፋል። ሲባጎው ሁለት ብር እንኳ የማያወጣ ቢሆንም ከማንኛውም ውድ መሣሪያ የበለጠ ጠቅሞናል።

ክሊኩን በጸጥታው ክፍል አጠፋነው። ጋሼና ድራም ተጫዋቹ አንዱ የሌላውን እየሰሙ፣ ወደ ትዝታው ሲገቡ ቀስ አሉ፣ ሲወጡ ፈጠኑ። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሥራ አቆምን፤ ከዛሬ ጀምሮ ጸጥ ያሉትን ክፍሎች በጠዋት፣ የሚጮኹትን ከሰዓት በኋላ ለመቅረጽ ተስማማን። ሦስተኛው ሙከራ ተመረጠ።

ነሐሴ 3

መብራት እየሄደ እየመጣ አስቸግሯል። ይበልጥ ያስቸገረን ግን መብራት ባለ ጊዜ በጊታሬ ላይ የሚሰማው የ50 ሄርዝ ጉርምርምታ ነበር፤ ዲስቶርሽኑ ከ50 በላይ ያሉትን 100ና 150ንም አብሮ ያጎላል። ቤቱ የመሬት መስመር እንዳልነበረው የታወቀው ባለሙያ አስጠርተን ካስመረመርን በኋላ ነው። የመዳብ ዘንግ ተቀበረልን፤ ጉርምርምታው በአብዛኛው ጠፋ። የቀረውን ደግሞ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዙሬ ጊታሩ ጉርምርምታውን የማይቀበልበትን አቅጣጫ በመፈለግ አጠፋሁት።

ጊታሮቹን እንደታሰበው አንድ አንድ ድምፅ እየለየን መቅረጽ ጀመርን። እያንዳንዱ ድምፅ ሁለት ጊዜ ይደገማል። በ48 ኪሎ ሄርዝና በ24 ቢት አንድ ትራክ (ለብቻው የተቀረጸ ድምፅ) በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ይይዛል፤ የጊታሮቹ ትራኮች ብቻ 28 ስለደረሱ ማታ ማታ ሁሉንም ወደ ሁለት የተለያዩ ዲስኮች እንገለብጣለን።

ነሐሴ 13

ዛሬ ቡሄ ነው። የሰፈሩ ልጆች ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ሜዳው ላይ ጅራፍ ሲያጮኹ ጠዋት ጠዋት ሥራችንን ያቋርጡን ነበር፤ እኔም መስኮቱን እየዘጋሁ እናደድ ነበር። ትናንት ማታ ግን ቀረጻውን ስሰማ፣ በአንዱ የጊታር ትራክ ላይ ከሩቅ የገባ የጅራፍ ድምፅ አምስቱና ስድስቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ በአጋጣሚ ወድቆ አገኘሁት። እዚያ ቦታ ላይ ሲምባል፣ ስኔር፣ ጭብጨባ ሞክረን አንዱም አልበቃንም ነበር።

ወላጆቻቸውን አስፈቅደን ከአራት ልጆች ጋር ወደ ጋራው ግርጌ ወረድን። የጅራፍ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስለሚወረወር የሚወጣው ድምፅ ከማንኛውም ከበሮ የሰላ ነው፤ የማይክራፎኑን መጠን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርገን እንኳ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምቶች ተቆርጠው ቀሩ። አሥር እርምጃ ስንርቅ ንጹሕ ሆነ። ከዚያ በኋላ ያስተዋልነው የገደል ማሚቶውን ነው። መጀመሪያ በቆምንበት ቦታ ድምፁ ከ1.2 ሴኮንድ በኋላ ይመለሳል፤ የዘፈናችን አንድ ባር ደግሞ አንድ ሴኮንድ ነው። ሰዓት እየያዝን ወደ ጋራው ተጠጋን፤ ተዳፋቱ 170 ሜትር ገደማ ሲቀረው ምላሹ ልክ በአንድ ሴኮንድ፣ በሚቀጥለው ባር መጀመሪያ ላይ ወደቀ። በኮምፒውተር የሚሠራ ማሚቶ ለዚህ ዘፈን አንጠቀምም፤ የሱሉልታ ጋራ ራሱ ምቱን ጠብቆልናል። ልጆቹ እማማ የጋገሩትን ሙልሙል ይዘው፣ የገዛ ጅራፋቸውን በጆሮ ማዳመጫ ተራ በተራ ሰምተው ሄዱ።

ነሐሴ 22

ድምፃዊቷ በሦስት ጠዋት ጨረሰች። የወል ቤቱን ስንኞች ያለ ብዙ ድግግሞሽ ተወጣቻቸው፤ ያደከማት «አያይም» የምትለዋ ቃል ናት፤ ትርጉሟ የሚያርፍባት የመጨረሻዋ ቀለም ኤ ፍላት ላይ ስለምትወድቅ ሁለቱ ጊታሮች ከግራና ከቀኝ ይገፏታል። በዚያች ሴኮንድ ጊታሮቹን በሙሉ ዝም አሰኘናቸው። ቃሉ ብቻውን ይቆማል፤ ከዚያ ጅራፉ ይመጣል።

የጆሮ ማዳመጫውን መዘግየት በተመለከተ አንድ ነገር ልጻፍ። ኮምፒውተሩ በትራኮች ብዛት ሲጨነቅ መጠባበቂያውን (ድምፅ ከመሰማቱ በፊት የሚጠራቀመውን የናሙና ብዛት) ወደ 1024 ከፍ አድርጌው ነበር፤ ይህም ከ21 ሺህኛ ሴኮንድ በላይ ማዘግየት፣ ማለትም ከራስ ድምፅ ሰባት ሜትር ርቆ እንደመቆም ነው። ድምፃዊቷ ምክንያቱን ሳታውቅ ወደ ኋላ ትጎተት ነበር። ጊታሮቹን ለጊዜው ወደ ሁለት ትራክ ጠቅልዬ መጠባበቂያውን ወደ 128 ስመልሰው፣ ሌላ ምንም ሳንነካ፣ በመጀመሪያው ሙከራ ምቱ ላይ ተቀመጠች።

ጭብጨባውን ሦስት ሆነን አራት ጊዜ ቀረጽን፤ በየጊዜው ቦታ ተቀያየርን። አሥራ ሁለት ሰው ይመስላል።

ነሐሴ 28

ሚክሲንግ፤ የተቀረጹትን ድምፆች መዝኖ ማዋሐድ። 64 ትራክ አለ፤ ዛሬ አሥራ አንዱን አስወጣሁ። ሁሉም በጥሩ ሁኔታ የተቀረጹ ናቸው፤ ነገር ግን በሪፉ ክፍል ላይ ስድስቱን የሚይዘው ጭብጨባና አምስቱን የሚይዘው ጊታር ካልተለያዩ ሰሚው አንዱንም አይከተልም። ጭብጨባውን ወደ መሐል፣ ጊታሮቹን ወደ ዳር ወሰድሁ፤ ቤዙ ከስድስቱ ጋር ነበር፣ በሁለተኛው ዙር ወደ አምስቱ እንዲሻገር አስደረግሁና እንደገና ቀረጽነው። ሰሚው መሬቱ ከእግሩ ሥር እንደተንቀሳቀሰ የሚያውቀው ያኔ ነው። የክፍሉን 65 ሄርዝ ስለማላምነው ቤዙን በጆሮ ማዳመጫ መዘንሁ፤ በማግስቱም ወደ አዲሱ ገበያ በሚወርድ ሚኒባስ ሾፌሩን አስፈቅጄ ሰማሁት። ቤዙ በቃ፣ ማሲንቆው ግን ከጊታሮቹ ሥር ተቀብሮ ነበር። ከጊታሮቹ ላይ 1200 ሄርዝ አካባቢ ጥቂት ስቀንስ ማሲንቆው ሳይጎላ ወጣ።

ጳጉሜን 3

ጋሼ ተመልሰው መጡ። ሰባት ደቂቃ ከአርባ ሴኮንዱን ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ወደ ታች የምወርድበትን ኢ ፍላት ሲሰሙ ቀና ብለው አዩኝ፤ ምንም አላሉም። ሲያልቅ ስለ ጊታሩም ስለ ጅራፉም አልተናገሩም።

«መግቢያው አጠረ» አሉ። «ሰውየው ገና ጫማውን ሳያወልቅ ውስጥ አስገባችሁት።»

መግቢያው 25 ሴኮንድ ነበር። ዝናቡ ካባራ ቀናት ስለሆኑት የማሲንቆው ቆዳ ምድጃ አላስፈለገውም። ማይክራፎኑን በሐምሌ ምልክት ባደረግሁበት ቦታ፣ በ40 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ማድ ቤቱ ውስጥ መልሼ አቆምሁ፤ ክሊክ የለም፣ ሰዓትም አልተነገራቸውም። ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሴኮንድ ተጫወቱ፤ የመጨረሻዋን ኢ ፍላት ይዘው ወደ ዲ ሳይወርዱ ደጋኑን አነሱ። ዲውን ጊታሩ ይጀምረዋል።

ዘፈኑ አሁን ዘጠኝ ደቂቃ ከሃያ አምስት ሴኮንድ ነው። ሁለቱንም ዲስኮች ገልብጬ አንዱን ለድምፃዊቷ ሰጠሁ፤ ድርቆሹን ነገ ወደ እማማ ጎተራ እንመልሳለን።